አራተኛው ካርቦንና የልጆቼ ወተት

የመጀመሪያ ልጃችን ወር ሳይሞላው ሞተ። ወንድ ነበር። ባለቤቴ የሟች አባቱን ስም ሊያወጣለት ፈለገ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ስም አሰብኩ፤ ክርክራችን ሳያልቅ ልጁ ሄደ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ስናነሳው "ልጁ" ነው የምንለው።

ሲወለድ ምንም አልነበረበትም። ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ አዋላጇ "ይሄ ሰባኪ ነው የሚሆነው" ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ጡቴን ወዲያው ያዘ። ያኔ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ በተከራየነው ሁለት ክፍል ቤት ነበር የምንኖረው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከከተማው ዳር ካለችው ቱላ መጡ። በአንድ እጃቸው ወተት የሞላ ጄሪካን፣ በሌላው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ነበር።

አማቴ ሲዳማ ናቸው፤ አማርኛ የሚናገሩት ለገበያና ለእኔ ሲሉ ነው። እኔ ደግሞ ገበያው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው የጉራጌ ነጋዴዎች ልጅ ነኝ። ሀዋሳ ተወልጄ ባድግም ሲዳምኛዬ ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ሁለታችን ብዙ አናወራም ነበር። እሳቸው ወተቱን አፍልተው ይሰጡኛል፣ እኔ እጠጣለሁ፣ ልጁን አጠባለሁ፣ እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩናል።

"ጠጪ" ይሉኛል። "አንቺ ስትጠጪ እሱ ይጠጣል።"

ሳምንት ገደማ ሲሆነው ልጁ መለወጥ ጀመረ። ከጠባ በኋላ ያስመልሰዋል። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቼ "የብዙ ሕፃን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው" አሉኝ። አሞቅኩት። ቢጫው ከፊቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ሆዱ ወረደ። ቀጥሎ ማልቀስ ተወ። ዝም ብሎ ተኝቶ የሚውል ሕፃን ሆነ። ለመጥባት እንኳ መቀስቀስ ነበረብኝ፤ ጉንጩን ነካ ነካ አደርገዋለሁ፣ ውስጥ እግሩን እኮረኩረዋለሁ፣ ጡቴን ከንፈሩ ላይ አሻሸዋለሁ።

"አጥቢው" ይላሉ አማቴ። "ጉልበት ያገኛል። አጥቢው።"

ማን ቢሆን ሌላ ምን ይላል?

ሆስፒታል ወሰድነው። ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል ተባልን፤ እውነትም ገብቶ ነበር። በደም ሥሩ መድኃኒት ጀመሩለት። በጣም ስለደከመ ጡት አቁሞ በግሉኮስ ብቻ የቆየባቸው ቀናት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ዓይኑን ገለጠ። ጣቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ነርሷ "ጸሎትሽ ተሰማ፣ በይ አሁን አጥቢው" አለችኝ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ እንባውን እንዳላይ መሆኑ ነው። ደስ ብሎኝ አጠባሁት። እሱም ደስ ብሎት ጠባ።

ብዙም አልቆየም። አንድ ማለዳ እቅፌ ውስጥ ሞተ።

ወተቴ ግን አልቆመም። ለቅሶ የመጡ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ደረቴ ረጠበ፤ ሹራቤን አልፎ ወጣ። አንዲት ሴትዮ አይታ አንገቷን ደፋች። አማቴ ተነሥተው እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ፣ ልብሴን አወለቁልኝ፣ ደረቴን በነጠላ ጠፍንገው አሰሩት። እያሰሩ ዓይኔን አላዩኝም።

"ወተት አያውቅም" አሉኝ። "ልጅ ሄዷል። ወተት አያውቅም።"

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የወሊድ ፈቃዴ ሳያልቅ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። የጠበቀኝ ምዕራፍ ስለ ሕይወት ሞለኪውሎች ነበር፤ ስለ ስኳሮች፣ ስለ ፕሮቲኖች፣ ስለ ቅባቶችና ስለ ዲኤንኤ። ይህን ምዕራፍ ሁልጊዜ የምጀምረው ከፋንክሽናል ግሩፕ ነው። ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የካርቦን ሰንሰለት ብቻውን ብዙ ጠባይ የለውም፤ ጠባይ የሚሰጡት ከጎኑ የሚያያዙት ትንንሽ የአቶም ቡድኖች ናቸው። ኦኤች፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ የበዛበት በውኃ ይሟሟል። ካርቦክሲል ያለበት አሲድ ይሆናል። ካርቦክሲልና አሚኖ አብረው ያሉበት ደግሞ ከመሰሎቹ ጋር እየተያያዘ ይረዝማል፣ ይተጣጠፋል፣ ፕሮቲን ይሆናል።

ከዚያ ግሉኮስና ጋላክቶስን ጎን ለጎን እስላቸዋለሁ። ሁለቱም ስድስት ካርቦን፣ አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን፣ ስድስት ኦክስጅን ናቸው። የሚለያዩት አራተኛው ካርቦን ላይ ባለችው ኦኤች ብቻ ነው፤ በግሉኮስ ወደ ታች፣ በጋላክቶስ ወደ ላይ ትዞራለች። ሁለቱ ሲጣመሩ የወተት ስኳር ይሆናሉ። ያን ዓመትም ይህንኑ በቀይ ጠመኔ ሳልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ አንዲት ኦኤች ወደ ላይ ዞረች ወደ ታች፣ ለፈተና ካልሆነ ለማን ምን ታመጣለች?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቄ ነበር።

"ኢንዛይሞች ይለዩዋታል" አልኩት። "ሰውነታችን ጋላክቶስን ወደ ግሉኮስ ሳይቀይር አይጠቀምበትም። ለእያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ኢንዛይም አለው።" ደወል ተደወለና ወጡ።

ዓመታት አልፈው ሴት ልጅ ወለድኩ። በዚህኛው ጊዜ ስሟን ከመወለዷ በፊት አወጣንላት። አማቴ እንደገና ከቱላ ወተት ይዘው መጡ፤ እንደገና አፍልተው አጠጡኝ። ልጅቷ ጡት ስትይዝ እንደ ወንድሟ ነበረች፤ ከያዘች አትለቅም።

ሳምንት ሳይሞላት አስመለሳት። ወደ መስኮቱ ወስጄ ዓይኗን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ቢጫ ነበር፤ ለማንም ሳልናገር ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከተናገርኩ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ አማቴ ሊያቅፏት ወሰዷት፣ እሳቸውም ወደ መስኮቱ ይዘዋት ሄዱ። ተመልሰው ልጅቷን በጋቢ ጠቀለሉ፣ ነጠላቸውን ለበሱ።

"ተነሺ። እንሂድ።"

የሕፃናት ክፍል ያገኘናት ሐኪም ወጣት ነበረች፤ ከተማሪዎቼ የምትበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። ካርዱን እየሞላች "ከዚህች በፊት ልጅ አለሽ?" አለችኝ።

"ነበረኝ።"

እስክርቢቶዋን አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጡት ባቆመባቸው ቀናት ዓይኑን ገልጦ ጣቴን እንደያዘኝ ስደርስ እጇን አነሣች።

"ቆይ፣ እሱን ድገሚልኝ። ጡት ሲያቆም ተሻለው?"

"መድኃኒቱ ነው ብለውኝ ነበር።"

"ጡት ሲጀምርስ?"

አስቤው አላውቅም ነበር። ትንሽ የእጅ መብራት አውጥታ የልጄን ዓይን ብሌን ደጋግማ አየች። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"እንግዲያው ጋላክቶስን ታውቂዋለሽ" አለች። "እኔ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ልጅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ልሳሳት እችላለሁ። ግን አንዳንድ ልጆች ጋላክቶስን የሚቀይረው ኢንዛይም ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ያልተቀየረው ስኳር ጉበታቸው ውስጥ፣ ዓይናቸው ውስጥ..."

"ገብቶኛል" አልኳት። እንድትጨርሰው አልፈለግኩም።

የልጅቷ ሽንት ተመረመረ። ሆስፒታሉ ያለው የመመርመሪያ ወረቀት የሚለየው ግሉኮስን ብቻ ነው፤ ግሉኮስ የለም አለ። ሐኪሟ ማንኛውንም ነጠላ ስኳር የሚያሳየውን የድሮውን ምርመራ ፈለገች፤ ሰማያዊ ፈሳሽ ጨምሮ ማፍላት ነው። "እሱን ግን ከተውነው ቆየን፤ እዚህ የለም" አለች።

"እኛ ትምህርት ቤት አለ" አልኩ።

ሐኪሟ ጡቱን ወዲያው አስቆመችና ግሉኮስ ሰካችላት። የተረፈውን ሽንት በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ልጅቷን ከአማቴ ጋር ትተን እኔና ባለቤቴ ባጃጅ ያዝን። ባለቤቴ የውኃ መስመር ሠራተኛ ነው፤ ስለ ቧንቧ ከሆነ የማያውቀው የለም፣ ስለዚህ ነገር ግን ምንም አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ምን ልናደርግ እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ትንሽ ታገስ" ብቻ ነበር የምለው።

ቤተ ሙከራውን ከፈትኩ። ውኃ አፈላሁ። ሰማያዊውን ፈሳሽ ከሽንቱ ጋር በመስታወት ቱቦ ቀላቅዬ የፈላው ውኃ ውስጥ አቆምኩት። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማሳየው ነው፤ ነጠላ ስኳር ጫፉ ላይ አልዲሃይድ የሚባል ቡድን አለው፣ ያ ቡድን ፈሳሹ ውስጥ ያለውን መዳብ ቀለሙን ይለውጠዋል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ሲለወጥ ተማሪዎች ያጨበጭባሉ።

ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። ከዚያ እንደ ሸክላ ቀላ፤ ስኳር አለ፣ ግን ግሉኮስ አይደለም።

"ጥሩ ነው መጥፎ?" አለኝ ባለቤቴ።

የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጅቷ አልነበረም የማስበው። ወንድሟ ሲታመምም ያ ፈሳሽ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። እኔ ሆስፒታል ተቀምጬ ጉንጩን ስነካካ፣ "አጥቢው" ሲሉኝ ሳጠባው፣ ጠርሙሱ ክዳኑ አቧራ ለብሶ እዚህ ተቀምጧል። ማንም ስላልጠየቀ ማንም አላወረደውም።

"ጥሩ ነው መጥፎ? ንገሪኝ እንጂ!"

"ለእሷ ጥሩ ነው" አልኩት።

ሐኪሟ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው። የደም ናሙና በአዲስ አበባ በኩል ውጭ አገር ሄዶ መልስ እስኪመጣ ብዙ ቆየ፤ ሲመጣም ያለችውን አረጋገጠ። እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም። ልጄ ከዚያች ቀን በኋላ ወተት የሚባል ነገር ቀምሳ አታውቅም። ከአኩሪ አተር የተሠራ የሕፃን ዱቄት ሀዋሳ ውስጥ በየመድኃኒት ቤቱ ፈልገን አጣን፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልን።

ሆስፒታል በቆየንባቸው ቀናት እኔ ላቅፋት አልችልም ነበር። ጠረኔ ሲሸታት ፊቷን ወደ ደረቴ እየቀበረች ትፈልጋለች፤ ስታጣ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አማቴ ይይዟታል፣ እኔ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ወተቴን እያለብኩ መታጠቢያው ላይ እደፋው ነበር። ነጭ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጤነኛ ወተት ነው። ሌላ ልጅ ቢጠባው ያፋፋው ነበር።

ቢጫው ለቀቃት። ማልቀሷ ተመለሰ። ቤት ገባን።

አንድ ጠዋት አማቴ ከእኔ ጋር ደጅ ላይ የልጅቷን ጨርቅ ያጥቡ ነበር። እጃቸውን ከሳሙናው ሳያወጡ "ያኛውስ?" አሉኝ።

ማንን እንደሚሉ አውቄያለሁ።

"እሱም" አልኳቸው።

"ወተት?"

"ወተት።"

"እኔ ያመጣሁት?"

"አይደለም እማዬ። እርስዎ ያመጡትን የጠጣሁት እኔ ነኝ። እሱ የጠባው የእኔን ነው። የእርስዎን ባልጠጣም የእኔ ወተት ያው ወተት ነው። የማንም እናት ወተት ቢሆን ያው ነበር።" ልጁ ጉድለቱን ከእኔ ግማሹን፣ ከልጃቸው ግማሹን እንደወረሰ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ክፍል ውስጥ በቀላሉ የምለው ነገር ነው። በአማርኛዬም በእሳቸው አማርኛም አልሆነልኝም። እሳቸው ጨርቁን ጨመቁ፣ አሰጡት። በማግስቱ ቱላ ሄዱ። ባለቤቴ ደጋግሞ ደወለላቸው፤ "ሥራ አለ" እያሉ አልመጡም።

ክረምቱ ሲወጣ ልጅቷን አዝዬ ብቻዬን ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የእንሰት ቅጠል ይሰነጥቁ ነበር። ቢላውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ልጅቷን ተቀበሉኝ። ጉንጯ ሞልቶ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩአት።

"አጥቢው ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉ።

"ሁላችንም ብለናል እማዬ። ሲጠባ ደስ ይለው ነበር። አይተውታል እኮ።"

"አይቻለሁ።" ከዚያ ልጅቷን እንዳቀፉ ሌላ ነገር አወሩ። "የእኔም ሁለት ሞተዋል። ከባልሽ በፊት። ሁለቱም ጡት ላይ ሳሉ። አንዱ ቢጫ ነበር።"

ባለቤቴ ታላቆች እንደነበሩት ሰምቶ አያውቅም። እኔም ሰምቼ አላውቅም።

"የእኔም በዚህ ነው?"

በትምህርቱ ከሄድኩ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቴ ጉድለቱን የወረሰው ከእናቱ ወይም ከአባቱ ነው፣ ከሁለቱም ወገን ኖሮ ቢሆን እህት ወንድሞቹ በዚሁ ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ግን በዚያ ዘመን ሕፃን በስንት ነገር ይሞት ነበር። "አይደለም" ብላቸው ይቀላቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ውሸቴን የሚያውቁብኝ መሰለኝ።

"አላውቅም" አልኳቸው።

"አንቺ አስተማሪ ነሽ።"

"አላውቅም እማዬ። ያኔ ያየ የለም። አሁን ማወቅ አይቻልም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሲዳምኛ ማውራት ጀመሩ፤ ለእኔ ይሁን ለልጅቷ እንጃ። የገባኝ እዚህም እዚያም ጥቂት ቃል ነው፤ ዝናብ፣ እናቴ፣ ትንሹ። አላቋረጥኳቸውም። ሲጨርሱ ልጅቷ እጃቸው ላይ ተኝታ ነበር፣ እሳቸው ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር፤ አልጠረጉትም።

አሁን ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። ቁመቷ ረጅም ነው፣ ሩጫ ትወዳለች። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ቱላ ስንሄድ የቤቱ ልጆች ቅቤ የጠጣውን የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜን፣ በወተት ሲበሉ አማቴ ለእሷ ወተትም ቅቤም በሌለበት ሳህን ለብቻ ይሠሩላታል፣ ማንም በስህተት እንዳይሰጣት አጠገቧ ይቀመጣሉ። ግን ወተት መተው ብቻውን ሁሉን አልመለሰልንም። ሐኪሟ ቀድማ ነግራን ነበር። ሰውነት የራሱን ሕዋሶች ሲሠራ ፕሮቲኖቹና ቅባቶቹ ላይ የሚሰካው ጋላክቶስ ያስፈልገዋል፤ ከምግብ ቢቀር ራሱ ይሠራዋል። ያም ቀስ እያለ ይጎዳታል፤ ማንም ሊያስቆመው አይችልም። ልጄ ማውራት የጀመረችው በጣም ዘግይታ ነው። ቃሉ ይጠፋባታል፣ ሲገኝ ደግሞ አፏ ላይ ይሰበራል። ባለፈው ዓመት አስተማሪዋ ጠርታኝ "ትንሽ ወደኋላ ትቀራለች፣ ልጆቹ ይስቁባታል" አለችኝ። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ እንደዚያ ብዬ የጠራኋቸው እናቶች ብዙ ናቸው። አመስግኛት ወጣሁ።

ቤት ውስጥም ቢሆን አይሆንልኝም። ልጄ ዓረፍተ ነገር ጀምራ ስትቆም ቃሉን ቀድሜ እሞላላታለሁ። ስትታገል ማየት አልችልም። ስሞላላት ደግሞ ፊቷን ታዞራለች።

በቅርቡ ቱላ ሄደን ነበር። ከትምህርት ቤቷ ጋር ሐይቁን ጎብኝታ ስለነበር ለአያቷ ልታወራ ፈለገች። አማርኛውን ከሲዳምኛ እየቀላቀለች ጀመረች። ዓሣ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ ትልቅ ወፍ መጣ፣ ወፉ... አለችና ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ቃሉ "ነጠቀው" እንደሆነ አውቄ አፌን ከፈትኩ። አማቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴ ላይ አደረጉ። ያረጀ እጅ ነው፣ ግን ከባድ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ጠበቅናት። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ጥጃ ጮኸ። አማቴ የቸኮሉ አይመስሉም፤ የልጅቷን ፊት እያዩ፣ አንዳንዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

"...ወሰደበት" አለች ልጄ በመጨረሻ። እኔ ያሰብኩት ቃል አልነበረም።

"ከዚያስ?" አሉ አማቴ።

እኔ ተነሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ በትክክል አላውቅም። ከቤት ውስጥ የልጄ ድምፅ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ፣ ይሰማኛል። ዓይኔን ጠርጌ ስመለስ ገና ታወራ ነበር።